ሃይድሮጂን የት ይግባ? ከጉለሌ ምጣድ እስከ ማዳበሪያ ከረጢት

በእንጦጦ ተራራ አናት ላይ የሚዘንበው ዝናብ መንገዱ ሁለት ነው። ወደ ደቡብ ያዘነበለው በጉለሌ ጅረቶች ቁልቁል ወርዶ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በአባ ሳሙኤል አልፎ አዋሽን ይቀላቀልና ቆቃ ይደርሳል። ወደ ሰሜን የፈሰሰው ደግሞ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጦ ሙገርን፣ በሙገር በኩልም ዓባይን ተቀላቅሎ ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይጓዛል። በሁለቱም አቅጣጫ የሄደው ውኃ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 6.6 ሜጋዋት የነበረ ሲሆን ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው።

በዚያው ተራራ ላይ ሌላ የኃይል መስመርም አለ። በምኒልክ ዘመን መተከል የጀመረው ባሕር ዛፍ ለአሥርት ዓመታት የአዲስ አበባን ምጣድ ሲያሞቅ የኖረው ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርዱ ሴቶች አማካይነት ነው። እንግዲህ በአንድ ተራራ ላይ በሰው ጀርባ የሚጓዝ ኃይልና በሽቦ የሚጓዝ ኃይል ጎን ለጎን ቆይተዋል ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስለ ሦስተኛ ተሸካሚ፣ ስለ ሃይድሮጂን፣ ብዙ ሲነገር እንሰማለን። በዚህ ጽሑፋችን ሃይድሮጂን በአገራችን የኃይል ሥርዓት ውስጥ ቦታው የት እንደሆነ፣ የትስ ሊሆን እንደማይገባ፣ በስሌት እየተደገፍን እንመለከታለን። አንባቢያን እርሳስና ወረቀት ቢያዘጋጁ መልካም ነው።

ለመሆኑ የተጣራ ዜሮ ልቀት ምንድን ነው?

ወደ ከባቢ አየር የሚለቀቁት ሙቀት አማቂ ጋዞች በደንና በሌሎች መንገዶች ተመልሰው ከሚያዙት ጋር ሲስተካከሉ «የተጣራ ዜሮ ልቀት» ተደረሰ ይባላል። ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ይፋ ባደረገችው የረጅም ጊዜ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2050 እዚህ ደረጃ ላይ ለመድረስ ግብ ይዛለች። በኤሌክትሪክ ማመንጨት ረገድ ከብዙ አገሮች ቀድመናል፤ የምናመነጨው ኃይል ከሞላ ጎደል በሙሉ ከውኃ፣ ከነፋስና ከሌሎች ታዳሽ ምንጮች የተገኘ ነውና። ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ አገሪቱ ከምትጠቀምበት ጠቅላላ ኃይል ትንሹን ድርሻ ብቻ የሚይዝ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘው እስከ ዛሬ ድረስ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የመሳሰለው ሲሆን መኪናውም ከውጭ በሚገባ ነዳጅ ይሄዳል። ከሕዝቡም ግማሽ ያህሉ ገና መብራት አላገኘም። ስለዚህ «ንጹሕ ኤሌክትሪክ አለን» ማለት «ንጹሕ የኃይል ሥርዓት አለን» ማለት አይደለም።

ምንጭ ሳይሆን ተሸካሚ

ሃይድሮጂን በጽንፈ ዓለም ውስጥ እጅግ የበዛ ንጥረ ነገር ቢሆንም በምድራችን ላይ ብቻውን የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። በማሊ ቡራኬቡጉ በተባለች መንደር እንደሚታየው ከከርሰ ምድር በተፈጥሮ የሚወጣበት አጋጣሚ ቢኖርም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኦክሲጅን ጋር ተጣምሮ ውኃ፣ ከካርቦን ጋር ተጣምሮ የተፈጥሮ ጋዝና ነዳጅ ዘይት ሆኖ ይኖራል። ከእነዚህ ለማላቀቅ ኃይል ማውጣት ግድ ነው። በዚህም የተነሣ ሃይድሮጂን የኃይል ምንጭ ሳይሆን የኃይል ተሸካሚ ይባላል፤ እንደ እንስራ ማለት ነው። እንስራ ውኃ ያመላልሳል እንጂ ውኃ አያፈልቅም።

የማላቀቂያ መንገዶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጋዝን በከፍተኛ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር ማገናኘት ሲሆን፣ ከዚህ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ከ9 እስከ 10 ኪሎ ግራም የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህን «ግራጫ ሃይድሮጂን» ይሉታል። ሁለተኛው ውኃን በኤሌክትሪክ መከፋፈል፣ ማለትም ኤሌክትሮሊሲስ ነው። ኤሌክትሪኩ ከታዳሽ ምንጭ ከሆነ ውጤቱ «አረንጓዴ» ይባላል። (ጋዙ ራሱ ቀለም የለውም። ቀለም የተቀባው ስሙ ነው፤ ተማሪዎች በፈተና ላይ ሃይድሮጂን አረንጓዴ ነው ብለው እንዳይጽፉ አደራ!)

ኤሌክትሮሊሲስን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማየት ይቻላል። ሁለት እርሳሶችን በሁለቱም ጫፍ ቅረጹ፤ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙ፤ የእርሳሶቹን አንድ ጫፍ ውኃው ውስጥ ከትታችሁ ሌላኛውን ጫፍ በሽቦ ከ9 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኙ። ከሁለቱም እርሳሶች አረፋ ይነሣል። በአሉታዊው በኩል የሚወጣው ሃይድሮጂን ነው፤ ውኃ ሁለት እጅ ሃይድሮጂንና አንድ እጅ ኦክሲጅን ስለሆነ በአሉታዊው በኩል የሚሰበሰበው ጋዝ እጥፍ መሆን ይገባዋል። በተግባር ግን ልዩነቱ ከእጥፍም በልጦ ይታያል፤ ከኦክሲጅኑ ከፊሉ የእርሳሱን ካርቦን ይበላል፣ ከፊሉም በውኃው ይሟሟልና። በሶዳው ፈንታ የገበታ ጨው መጠቀም አይገባም፤ መርዛማ የሆነ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። የሚወጣውን ጋዝ በተዘጋ ዕቃ አጠራቅሞ እሳት ማቅረብም ክልክል ነው። ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ድረስ በተደባለቀበት በማናቸውም መጠን ሊነድ ይችላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ከሞላ ጎደል አይታይም።

በፋብሪካ ደረጃ አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጂን ለማምረት ከ50 እስከ 55 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክና በኬሚካዊ ስሌት 9 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል። የተገኘው አንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ኃይል ግን 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል።

የመጠኑም ነገር አለ። ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ያህል የቀለለ ነው። እንደ ጉለሌ ባለ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያነሰ በመሆኑ አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 16 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ ወርዱም፣ ርዝመቱም፣ ከፍታውም ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ አንድ ክፍል ቤት ያህል መሆኑ ነው። ይህን ለማጓጓዝ ወይ በብዙ መቶ እጥፍ ግፊት ማመቅ፣ ወይም እስከ 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ያስፈልጋል። ሁለቱም ተጨማሪ ኃይል ይበላሉ።

የምጣዱ ስሌት

አሁን 100 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ አለን እንበል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይወስዳል። ኃይሉን በቀጥታ በሽቦ ብናደርሰው ምጣዱን ለ28 ሰዓታት ተኩል ያህል ያሠራል።

በሃይድሮጂን በኩል እንሂድ። ከኤሌክትሮሊሲስ በኋላ ከ100ው 65 ያህሉ ይተርፋል። ማመቅና ማጓጓዝ ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛ ቢወስዱ 58 ተኩል ይቀራል። በነዳጅ ሴል መልሰን ወደ ኤሌክትሪክ ስንለውጠው ግማሹ ይጠፋና 29 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ እጃችን ላይ ይቀራል። ምጣዱ የሚሠራው 8 ሰዓት ከሩብ ብቻ ሆነ ማለት ነው። እንጀራው ያው እንጀራ፣ ሊጡም ያው ሊጥ ነው፤ የግድቡ ውኃ ግን ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል ወጪ ሆኗል።

በመኪናም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወሳል። የባትሪ መኪና ከሽቦው ከወሰደው ኃይል ውስጥ ከሦስት አራተኛ የማያንሰውን ወደ ጎማው ሲያደርስ፣ በሃይድሮጂን የሚሄደው የሚያደርሰው ሲሶውን እንኳ አይሞላም። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ለእርሱም ሃይድሮጂን አያስፈልገውም። የአውሮፕላን ነዳጅ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚጠይቅ እናልፈዋለን።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ደንቡ ግልጽ ነው። ሽቦ በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ሽቦው ይበልጣል። በአንዳንድ የበለጸጉ አገሮች ሃይድሮጂንን ለቤት ማሞቂያና ለወጥ ቤት ምድጃ ለማዋል የሚቀርበው ሐሳብ ለጉለሌ አይበጅም፤ እነርሱንም የሚጠቅማቸው መሆኑ አጠራጣሪ ነው። ሃይድሮጂን ሊገባ የሚገባው ኤሌክትሪክ በምንም ዓይነት ሊተካው በማይችልበት ሥራ ላይ ነው። በአገራችን እንዲህ ካሉት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ማዳበሪያ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን

ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አሞኒያ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጂን ይሠራል፤ ይህ ዘዴ ሀበርና ቦሽ በተባሉ ጀርመናውያን ስም የሚጠራ ሲሆን በፋብሪካ ደረጃ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። እዚህ ላይ ሃይድሮጂኑ ማገዶ ሳይሆን የምርቱ አካል ነው። በሽቦ የሚላክ ኤሌክትሪክ ምንም ቢበዛ የአሞኒያን ሞለኪውል ሊሆን አይችልም።

50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ የዩሪያ ከረጢት ለመሥራት 28 ኪሎ ገደማ አሞኒያ፣ ለአሞኒያውም 5 ኪሎ ሃይድሮጂን ያስፈልጋል። ሁሉም ከኤሌክትሪክ ይገኝ ከተባለ በአንድ ቶን አሞኒያ 10 ሜጋዋት ሰዓት ያህል ስለሚሄድ አንዱ ከረጢት 283 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ይህ ምጣድን 81 ሰዓት የሚያሠራ ኃይል ነው። በሳምንት አራት ሰዓት ለምትጋግር አንዲት እናት የ20 ሳምንት፣ ማለትም የአምስት ወር ያህል እንጀራ መሆኑ ነው።

ይህን ቁጥር ይዘን ወደ አገር ደረጃ እንውጣ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ ላይ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን የማምረት አቅም የታቀደለት ሲሆን ጥሬ ዕቃው በቧንቧ የሚመጣ የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሃይድሮጂን ወደ አገራችን በብዛት የሚገባው፣ ብዙዎች እንደጠበቁት ከዓባይ ውኃ ሳይሆን ከኦጋዴን ጋዝ ይሆናል ማለት ነው። አረንጓዴው ሳይሆን ግራጫው!

«ለምን ከሕዳሴ ግድብ አይሆንም?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ መኖሩ አይቀርም። 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ 1.7 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ ይፈልጋል፤ ይህም በኤሌክትሪክ 17 ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት ነው። የሕዳሴ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው 15.7 ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። ግድቡ በሙሉ፣ አንዲት አምፖል እንኳ ሳያበራ፣ ለዚህ አንድ ፋብሪካ ቢውል አይበቃም። ውኃው ግን አያሳስብም፤ ለሁሉም ሃይድሮጂን በኬሚካዊ ስሌት የሚያስፈልገው 2.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን የግድቡ ሐይቅ 74 ቢሊዮን ይይዛል። የሚያጥረው ኃይል እንጂ ውኃ አይደለም።

ገንዘቡም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም ቢሸጥ፣ በአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ወጪ ብቻ ከአንድ ዶላር ተኩል በላይ ይሆናል፤ በ6 ሳንቲም ቢሸጥ እጥፍ። በዚህ ላይ የማሽኑ ዋጋ ይደመራል። ማሽኑ ክረምት ብቻ ሠርቶ በጋውን ተዘግቶ የሚውል ከሆነ ደግሞ ያው ዕዳ በጥቂት ምርት ላይ ይከፋፈላል።

ሦስት የቀደሙ ምሳሌዎች

ከውኃ ኃይል ማዳበሪያ መሥራት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሪዩካን ሸለቆ በፏፏቴ ኃይል ሃይድሮጂን እያመረተች አሞኒያ ሠርታለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ የሆነው «ከባድ ውኃም» የዚያው ፋብሪካ ተረፈ ምርት ነበር። በአፍሪካ ደግሞ ምሳሌውን የምናገኘው በራሳችን ወንዝ ላይ ነው። በግብፅ አስዋን የሚገኘው ኪማ የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአስዋን ግድብ ኤሌክትሪክ ውኃ እየከፋፈለ ማዳበሪያ ያመርት ነበር። ከእንጦጦ ሰሜናዊ ተዳፋት የወረደ ጠብታ አስዋን ደርሶ ማዳበሪያ የሆነበት ዘመን ነበረ ማለት ይቻላል። ሦስተኛው በዚምባብዌ ክዌክዌ ከተማ የሚገኘው ሴብል ኬሚካልስ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኤሌክትሮሊሲስ አሞኒያ ሲሠራ ቆይቷል።

የሦስቱም መጨረሻ ተመሳሳይ ነው። ኖርዌይና ግብፅ ወደ ርካሽ ጋዝ ዞሩ፤ የዚምባብዌው ኤሌክትሮሊሲስ እ.ኤ.አ. በ2015 ቆመ፤ አገሪቱ የመብራት እጥረት ውስጥ ነበረችና። ኬሚስትሪው በአንዳቸውም ዘንድ አልወደቀም። ያልቻሉት የኤሌክትሪኩን ዋጋና ሽሚያ ነው። ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ዝናብ አጥሮ የአዲስ አበባ ነዋሪ መብራት በፈረቃ ሲያገኝ እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። በዚያ ዓመት አንድ ትልቅ የኤሌክትሮሊሲስ ፋብሪካ ቢኖር ኖሮ ማን ይቅደም ይባል ነበር?

ቦታ የሚለቅ ፋብሪካ

መልሱ ያለው፣ በእኛ ግምት፣ በማሽኑ ጠባይ ውስጥ ነው። የሲሚንቶ እቶን አንዴ ከጋለ ማቆም ከባድ ነው። የኤሌክትሮሊሲስ ማሽን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ዝቅና ከፍ ማለት ይችላል። ታዲያ የጎዴው ዓይነት የጋዝ ፋብሪካ ከሚያስፈልገው ሃይድሮጂን አንድ አሥረኛውን ብቻ ከኤሌክትሪክ ያግኝ ብለን እናስብ። ይህ በዓመት 1.7 ሚሊዮን ሜጋዋት ሰዓት፣ በአማካይ 195 ሜጋዋት ያህል ነው። ዝናብ በጠገበ ዓመት ማሽኑ ሙሉ ቀን ይሠራል፤ ድርቅ ሲመጣ ይቆምና ፋብሪካው በጋዙ ይቀጥላል። ምሽት ላይ ምጣዱ ሲበዛም ለሁለት ሰዓት ቦታ ይለቃል፤ የተለቀቀው ኃይል 55 ሺህ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ያሠራል። በዚህ መልክ ሃይድሮጂን የኃይል ሥርዓቱ ተሻሚ መሆኑ ቀርቶ እንደ መጠባበቂያ ያገለግላል። እርግጥ ይህ በማመንጫና በረጅሙ መስመር ላይ ያለውን ጫና እንጂ የሽሮ ሜዳን የሰፈር ትራንስፎርመር አያቃልልም፤ እርሱን የሚያቃልለው ትራንስፎርመሩን መቀየር ብቻ ነው።

ሁለት ችግሮች ይቀራሉ። አንደኛው ካርቦን ነው። በጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ለዩሪያው የሚያስፈልገውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዚያው ከጋዙ ያገኛል፤ ከውኃ የተገኘ ሃይድሮጂን ግን ካርቦን ይዞ አይመጣም። ለአንድ ቶን ዩሪያ 730 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ በሙገር ሸለቆ እንዳሉት ያሉ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ምንጭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ዩሪያው ማሳ ላይ ሲበተን በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ኢንዛይም ያንኑ ጋዝ መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ በአረንጓዴ ሃይድሮጂን የሚገኘውን ተጨማሪ አሞኒያ ካርቦን በማይፈልጉ ሌሎች ማዳበሪያዎች፣ ለምሳሌ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር በያዘው ኤንፒኤስ ላይ ማዋል የተሻለ ይመስለናል። ሁለተኛው ችግር ከፋብሪካው አጥር ውጭ ነው። ማሳ ላይ ከተበተነው ናይትሮጅን አንድ በመቶ ያህሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ያመልጣል፤ ይህም ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል የበረታ ሙቀት አማቂ ነው። ሃይድሮጂኑ ግራጫም ይሁን አረንጓዴ ይህን አይለውጠውም።

ለተማሪዎች የቀረበ መልመጃ

በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ 100,000 የኤሌክትሪክ ምጣዶች አሉ፤ እያንዳንዱም በሳምንት ለአራት ሰዓት ይሠራል ብላችሁ ውሰዱ። (ሀ) ሁሉም በዓመት የሚወስዱት ኃይል ስንት ነው? (ለ) ያ ኃይል በኤሌክትሮሊሲስ ስንት ቶን ዩሪያ ያስገኛል? (ሐ) ሁሉም ምጣዶች በአንድ ሰዓት ቢጣዱ ስንት ሜጋዋት ያስፈልጋል? መልስ፦ (ሀ) 73,000 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ፤ (ለ) 13,000 ቶን የማይሞላ፤ (ሐ) 350 ሜጋዋት። የ(ለ)ን መልስ ከ3 ሚሊዮን ቶን፣ የ(ሐ)ን መልስ ከ195 ሜጋዋት ጋር አነጻጽሩና ምጣድ በዓመት ፍጆታው ትንሽ ሆኖ ሳለ በአንድ ምሽት መስመሩን የሚያስጨንቅበትን ምክንያት አስረዱ።